ከበሩ ወዲያ የነበረው ድምፅ

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው በዓይኑ ነው። እሷ ግን የወደደችው በጆሮዋ ነበር። መልኩን ከማየቷ በፊት ድምፁን ወደደችው።

የምትሠራበት መነጽር ቤት የአንድ ያረጀ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌንስ ትሞርዳለች፣ ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች፣ የላላ ብሎን ታጠብቃለች። አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትቸኩል ሊፍቱ በሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ አለባት። መብራቱም አብሮ ጠፋ። በሩን ደበደበች፣ ተጣራች፣ መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ጀመር። ብዙ ከቆየች በኋላ ከበሩ ወዲያ የወንድ ድምፅ ሰማች።

«አይዞሽ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አላት። «የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ትንሽ ይቆያል እንጂ መውጣትሽ አይቀርም። እስከዚያው አውሪኝ፤ የሚያወራ ሰው ፍርሃቱን ይረሳል።»

«ምን ላውራ?»

«የመጣልሽን። እኔ ፊትሽን አላየው፣ አንቺ ፊቴን አታዪው፤ ምን ያሳፍርሻል?»

እውነቱን ነው፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። እሷም ለልብ ጓደኛዋ እንኳ ያልተነፈሰችውን ነገር በዚያ ጨለማ ውስጥ ዘረገፈችው። ታላቅ ወንድሟ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጥቷል። እሷ እንደ ምንም ስልኩን አፈላልጋ ብትደውልለት «ሁለተኛ እንዳትደውይልኝ» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። እናቷ ግን በየሳምንቱ «ደወለ?» ይላሉ። ታዲያ ምን ታድርግ? «ደውሎ ነበር እማዬ፣ እኔ ሥራ ቦታ ሆኜ ነው» እያለች ሰላምታ መፍጠር ጀመረች። ሰላምታው ባዶውን እንዳይሆን ደግሞ «ጉልበቷ እንዴት ነው ብሏል» የምትል ነገር ጨመረችበት። እናትየው ይህችን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል። «ደህና ነው፣ አያስብ በይው» ይላሉ፤ ከወንበራቸው መነሳት እያቃታቸው።

«ዛሬም የምቸኩለው ልዋሽላቸው ነው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ይሄ ውሸት አይባልም» አላት ቀስ ብሎ። «ደግሞም አትስጊ። ከኔ አያልፍም፤ እዚሁ በሩ ላይ ይቀራል።»

በሩ ሲከፈት እጁ ግራሶ የነካው፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ቀጭን ወጣት ቆሞ አገኘችው። መነጽር የሚሠራ ሰው ከሰው ፊት ቀድሞ የሚያየው ጆሮ ነው፤ ምኑ ላይ ሊሰቅለው ነው? እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እሱም ለምን እንደሳቀች ሳይገባው ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ያ ሊፍት መበላሸት አበዛ፤ ቢያንስ እሱ ለአለቃው የሚለው እንዲያ ነበር። «መነጽሬ» ይላታል፤ «ጆሮዬ» ትለዋለች። ውሎ አድሮ ቤት ገባ፣ ከእናትየው ጋር ተላመደ፣ የሰርጉም ቀን ተቆረጠ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሦስቱም ቴሌቪዥን ፊት ይሰበሰባሉ። አገሩ ሁሉ የሚያየው ተከታታይ ድራማ አለ፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች ኑሮ ነው። እናትየው የድራማውን ሰዎች እንደ ጎረቤት ይሰድቧቸዋል፤ እሱ ደግሞ እያበሸቀ ያስቃቸዋል።

አንድ ሐሙስ ታዲያ በድራማው ውስጥ አንዲት ልጅ እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ያልደወለ ወንድሟን ሰላምታ አደረሰች። «ጉልበቷ እንዴት ነው ብሏል» አለች ልጅቷ።

ወደ እጮኛዋ ዘንበል ብላ «ልክ እኛን ነው እኮ» አለችው በሹክሹክታ።

«ጉልበቷን የማያማት እናት የት አለች?» አላት ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

አመነችው። እንዲያውም እንደሷ የምትዋሽ ሌላ ልጅ በመኖሯ ትንሽ ተጽናናች። እናቷ ግን ድራማው ሳያልቅ «ዛሬስ ደከመኝ» ብለው ተነሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ «ደወለ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። ሰላምታ ስታመጣላቸውም ወሬ ይለውጣሉ። እርጅና ነው፣ ተስፋ ቆርጠው ነው እያለች ቀስ በቀስ ሰላምታውን ተወችው።

ከወራት በኋላ የድራማው ኤግዚቢሽን ዋናው ከተማ ውስጥ ተከፈተ ሲባል እሄዳለሁ ብላ የቆረጠችው እሷ ናት። እሱ አንገራገረ። «ቤታችን ቁጭ ብለን የምናየውን ነገር አውቶቡስ ተሳፍረን ምን ልንሠራ?» አላት።

«አንተ ደግሞ፣ ከሊፍት ሌላ የምትወጣበት ነገር አይጥምህም» አለችው፤ ተሸነፈ።

እናትየው ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ቀሩ። «ያ ሶፋ እውነት ቆዳ መሆኑን ነክተሽ ነይ» ብለው ብቻ አዘዟት። በዚያ ሶፋ ነገር ከጎረቤት ጋር ተከራክረዋል።

ማለዳ ተነሥተው በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ትከሻው ላይ ተኝታ ነበር። ኤግዚቢሽኑ የተዘጋጀው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን የድራማው ቤቶች እንዳሉ ተተክለውበታል። ሶፋው በገመድ ታጥሯል። ጥበቃው ዞር ሲል እጇን ሰደድ አድርጋ ነካችው፤ ላስቲክ ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ውሃ የለውም፣ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ብርቱካን ፕላስቲክ ነው፣ የመኝታ ቤቱም በር ሲከፈት ከጀርባው ጣውላ ብቻ ነው ያለው። እጮኛዋ ከዚያ በር ጀርባ ተደበቀና አንኳኳ።

«አይዞሽ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለ።

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዛሬ ያንን ቀን ስታስታውስ ከሁሉ የሚያንገበግባት ይህች ሳቋ ናት።

ከአዳራሹ ጥግ የተመልካቾች ክፍል የሚባል አለ። ግድግዳው ላይ ስልኮች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ በላይ የድራማው አንድ ትዕይንት ፎቶ ተሰቅሏል። አስጎብኚዋ ለጎብኚዎች ታስረዳለች፤ ድራማው ተመልካቾች እየደወሉ እውነተኛ ታሪካቸውን የሚነግሩበት መስመር ነበረው፣ አንዳንዱ ታሪክ ተጽፎ ተቀርጿል፣ ስልኩን ያነሣ ሰው የደዋዩን ድምፅ ይሰማል።

«እንሂድ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል» አለ እጮኛዋ።

«አውቶቡሱ ከሰዓት በኋላ አይደል እንዴ?»

«እዚህ ምን አለ ብለሽ ነው? የማያውቁት ሰው ወሬ...»

እሷ ግን ፎቶውን አይታዋለች። የድራማው እናት ጉልበቷን ይዛ ስትስቅ ትታያለች። ያቺ እንደሷ የምትዋሽ ልጅ ማን ትሆን ብላ ስንት ቀን አስባለች። ድምፅዋን ልትሰማ ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

መጀመሪያ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች። በዚያው አወቀችው። በጨለማ ውስጥ የለመደችውን ድምፅ በብርሃን እንዴት ታጣዋለች?

«እንግዲህ ይኸውላችሁ» አለ ድምፁ፣ «አንዲት የማውቃት ልጅ አለች...» ሁሉንም ተናገረው። ወንድሟን፣ የተዘጋባትን ስልክ፣ የሳምንቱን ሰላምታ፣ የጉልበቱን ነገር። መስመሩን የምትቀበለው ሴትዮ ከወዲያ «እናትየው ታዲያ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«ያምናሉዋ!» አለና ሳቀ። ሴትዮዋም አብራው ሳቀች።

እሷ አልጮኸችም። ወደ እሱ ዞረች። ስልኩን ዘረጋችለት።

«ላንተ ነው» አለችው።

አልተቀበላትም። ስልኩን በሥርዓት ቦታው መልሳ ወጣች።

ከአዳራሹ ደጅ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ተከትሏት መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሰው ይወጣል ይገባል፤ ልጆች በድራማው ሰዎች ድምፅ እየተናገሩ ይሳሳቃሉ።

«በድራማ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም» አለ።

«ሲወጣስ? አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«ፈራሁ።»

«ጠይቄህ ነበር እኮ። ልክ እኛን ነው ስልህ ምን አልከኝ?»

አጎነበሰ። «ጉልበቷን የማያማት እናት የት አለች አልኩሽ።»

«አልከኝ። ለምን ግን? ምን አጣህ?»

ከጎኗ ተቀመጠ። «ቀኑን ሙሉ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ሴትዮዋ ስልኩን አንሥታ ‹ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው› አለችኝ። እኔን ማን ቀጥል ብሎኝ ያውቃል? ሰው ሁሉ የሚያወራው ነገር አለው፤ እኔ ያለኝ ትልቅ ነገር አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

ውሸት እንዳልሆነ ታውቃለች። እጇን አንሥታ ፀጉሩን ልትነካው ምንም አልቀራት።

«እኔን ብታወራ ይቅር እልህ ነበር» አለችው። «ያ ግን የኔ አልነበረም። የእናቴ ነው። ቤታቸው ገብተህ፣ ‹ልጄ› እያሉህ፣ በሳቸው ሳቅህ።»

«መነጽሬ...»

«አትበለኝ።»

ጆሮዬ ብላ ያመነችው ሰው አፍ ሆኖ ተገኘ። ይህንን ነው መዋጥ ያቃታት።

በመልሱ አውቶቡስ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጡ። መናኸሪያው ሲደርሱ ሮጦ ደረሰባት። «ሰርጋችንስ?» አላት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ያን ቀን በሩን ስለከፈትክልኝ አመሰግናለሁ» አለችው። «ከልቤ ነው። አሁን ግን አትከተለኝ።»

ቤት ስትደርስ ገና አልመሸም። እናቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጉልበታቸውን በሞቀ ጨርቅ ሸፍነዋል።

«ሶፋውስ?» አሉ ገና ከበሩ ስትገባ።

«ላስቲክ ነው እማዬ።»

«ብዬ ነበር እኮ! ልጁስ? ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ?»

«አይመጣም።»

«ዛሬ ነው?»

«ከእንግዲህ።»

እናትየው ጨርቁን ከጉልበታቸው አንሥተው አጣጥፈው አስቀመጡት።

«አወቅሽ ማለት ነዋ» አሉ።

ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ። «ያውቁ ነበር?»

«ያቺ የቴሌቪዥኗ ልጅ ጉልበቷ እንዴት ነው ብሏል ስትል ነው ያወቅኩት። የኔ ልጅ ቃል ይጠፋኛል? አንቺ ደግሞ ለሱ ካልሆነ ለማን ትናገሪያለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ትወጂዋለሽ» አሉ። «ከሥራ ስትገቢ እየዘፈንሽ ነበር የምትገቢው። ምን ብዬ አፌን ልክፈት? የወንድምሽን ነገር እንደሆነ ድሮም ልቤ አልተቀበለውም፤ ያ ልጅ በደህናው ጊዜም ጉልበቴን ጠይቆኝ አያውቅ።»

እናቷ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በዚህ ቤት ሦስት ሰው እየተያየ ዝም ብሎ ከርሟል። እሷ ለእናቷ ብላ፣ እናቷ ለሷ ብለው። እሱ ብቻ ነው ለራሱ ሲል ዝም ያለው። መንገዱን ሙሉ አምቃ የያዘችው እንባ አሁን መጣ። እናቷ አላባበሏትም፤ እስኪወጣላት ራሷን እያሻሹ ጠበቋት።

«አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል» አሉ በኋላ።

«ምን?»

«ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ጉልበቴን የሚጠይቀኝ ጠፋ።»

ቀና አለች። ፊቷን በክንዷ ጠረገችና እጇን ጉልበታቸው ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ማነው የጠየቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ከሆንሽስ» አሉ እናቷ እግራቸውን ቀስ ብለው እየዘረጉ፣ «በጣም ያመኛል።»