የበቀለች መላጣ ዶሮዎች

በቀለች የሞተችው ዶሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ በአፍጢሟ ተደፍታ ነው። ሲያገኟት ዶሮዎቹ በጀርባዋ ይረማመዱ ነበር፤ አንዷማ ጉትቻዋን እህል መስሏት ጆሮዋን እስኪደማ ለቅማዋለች።

መርማሪ ሳምሳም ጅጅጋ አድጋ አማርኛ ስለምትችል፣ ሐርጌሳ ውስጥ የሐበሾች ጉዳይ ሲገጥም የምትጠራው እሷ ናት። በማግስቱ ጠዋት ሟች የምትኖርበት ጋአን ሊባህ ሰፈር ስትደርስ ፖሊሶቹ ጥፋተኛ አግኝተው ጨርሰዋል። ሐኪሙ ከሟች ሆድ የመዥገር መድኃኒት አውጥቷል፤ የቤቱን ምግብ የምትሠራው፣ የሟችን የመጨረሻ ሻይ ያፈላችው ራሄል ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ የላትም። ካቴና አጥልቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«እስከ ቀትር ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ይቺ ወደ እስር ቤት ትሄዳለች» አለ ፖሊሱ።

«ኧረ ልጅቷን ተዋት!» አለ የሟች ባል ፈይሳ፣ የበርበራ መስመር ሾፌር። «ያ ሁሉ የራሷ የበቀለች ጥፋት ነው። ቅማል ላባቸውን ጨረሰው ብላ ትናንት ሁሉንም በመድኃኒት አሸቻቸው። እኔው ነኝ የያዝኩላት። ከዚያ እጇን ሳትታጠብ በላች።»

ራሄል በምስጋና ቀና ብላ አየችው።

«መድኃኒቱን ከየት አመጣችው?» አለች ሳምሳም።

«እኔ እንጃ። የራሷን ነገር ራሷ ነበረች የምታውቅ።»

ሳምሳም ወደ ጎረቤቲቱ ዞረች። «ኢልዋድ፣ ዶሮዎቿ የፍየሎቼን መኖ ጫሩብኝ እያልሽ ትሰድቢያት ነበር አሉ።»

«ወላሂ እሰድባት ነበር! ስድብ ሰው ይገድላል እንዴ?»

«ለፍየሎችሽ የመዥገር መድኃኒት አለሽ?»

የኢልዋድ ዓይን ፈይሳ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሳምሳም ዶሮ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ሦስቱንም ሰበሰበችና ለፈይሳና ለራሄል አንዳንድ ዶሮ አስያዘቻቸው።

«ፖሊስ ነሽ ወይስ ዶሮ ነጋዴ?» አለች ኢልዋድ።

«አቶ ፈይሳ፣ ሟች የት ላይ እንዳሸች ያሳዩኝ።»

ፈይሳ ዶሮዋን በአንድ ክንፏ አንጠለጠላት፤ ጮኸች። የተመለጠ ጀርባዋን ነካ። «እዚህ ነዋ! ላባዋ የረገፈው እዚህ አይደል?»

«አንቺስ ራሄል?»

ራሄል በታሰረ እጇ ዶሮዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ ከጅራቷ ሥር ያለውን ላባ ገለጠች። «እትዬ አመድ የሚነሰንሱት እዚህ ነበር። ጀርባዋን የመለጣት አውራ ዶሮው ነው፤ ሲወጣባት በጥፍሩ።»

ከተገለጠው ላባ ሥር ቅማሎች ተሯሯጡ።

«ቅማል ባዶ ቆዳ ላይ አይኖርም፤ ላባ ሥር ይሸሸጋል» አለች ሳምሳም። «በቀለች ይህን ታውቃለች፤ አቶ ፈይሳ አያውቁም። አሥራ አንዱንም ዶሮ አገላብጬ አይቻለሁ፤ የሁሉም ቅማል በሕይወት አለ። መድኃኒቱ ዶሮ አልነካም። እርስዎ ግን ስታሽ ያዝኩላት አሉ። ያልሆነውን ለምን አሉ?»

«እንግዲያውስ እሷ ናታ! ሻዩን ያፈላችው!» ፈይሳ ጣቱን ራሄል ላይ ቀሰረ።

«ኢልዋድ፣ አሁን ተናገሪ።»

«ሚስቴ ለዶሮዎቿ ፈለገች ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው። ጠርሙሱን በእጄ ሰጠሁት። እኔን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ራሄል፣ ሻዩን ካፈላሽው በኋላ የነካው ሰው አለ?»

«ጋሼ... ስኳር ልጨምር ብለው ፔርሙሱን ተቀበሉኝ።»

«ለዶሮ ብለህ የወሰድከው መድኃኒት ዶሮ ጋ አልደረሰም» አለች ሳምሳም፤ አንቱታው ቀርቷል። «የደረሰው ሚስትህ ሆድ ነው።»

ፈይሳ ዶሮዋን መሬት ላይ ወረወራት። «በርበራ ወንድ ልጅ የወለደችልኝ አለች። ይቺ አሥር ዓመት ሙሉ ዶሮ ብቻ አሳደገች።»

ካቴናው ከራሄል እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ላይ ገባ።

«ተነሽ እህቴ፣ ነፃ ነሽ» አለች ሳምሳም።

ራሄል አልተነሳችም። የተላጠ አንጓዋን እያሸች መሬት መሬቱን አየች።

«እትዬ ሻዩ መረረኝ ብለው ነበር» አለች። «ይቅርብኝ አሉ። ዝንጅብሉ ነው፣ ለሳልዎት ጥሩ ነው ብዬ... እኔ ነኝ ለምኜ ያስጨረስኳቸው።»