የእንፋሎቷ ጭራቅ

ምስሉን አቁማ ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና አየችው። አልተሳሳተችም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም «ሳውንድ» ነው የሚላት፤ የክፍሉን ፊልም ድምፅ የምትሠራው እሷ ስለሆነች። ፊልሙ የድሮ ጥቁርና ነጭ የጭራቅ ፊልሞችን መንገድ የተከተለ የሃያ ደቂቃ ታሪክ ነው። ካባ የለበሰ ጀግና ከተማ ከሚያሸብሩ ሦስት ጭራቆች ጋር ይተናነቃል። ሁለቱን ጭራቆች የክፍሉ ልጆች ጭምብል አጥልቀው ሠርተዋቸዋል። ሦስተኛዋን፣ «የእንፋሎቷ ጭራቅ» የተባለችውን፣ ማን እንደሠራት ግን የፊልሙ ዲሬክተር ለማንም አልተናገረችም። ዲሬክተሯ «ዲሬ» ናት፤ የሳውንድ የልብ ጓደኛ። ዛሬ ጠዋት «ሰርፕራይዝ ነው፤ የሚያስፈራ ጩኸት ግጠሚለት» ብላ ፍላሹን በሌላ ልጅ ላከችላት።

ሳውንድ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ነጭ እንፋሎት ታየ። ከእንፋሎቱ ውስጥ ወፍራም ጓንት ያጠለቀ እጅ ወጣ። ከዚያ ፊት። ግራ ጉንጩ ተጨማዶ እስከ አንገት የወረደ፣ አንደኛው ቅንድብ የሌለው ፊት፣ ቀስ ብሎ ወደ ካሜራው ዞረና ፈገግ አለ።

እናቷ ናት።

እናቷ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ሥራዋን ሲጠይቋት «ተኳሽ ነኝ፤ ግን እስከ ዛሬ ሰው አልገደልኩም» ትላለች። የዛሬ ስድስት ዓመት የእንፋሎት ቱቦ ፈንድቶ ፊቷን አቃጠላት። ከዚያ ወዲህ ጉንጯን በሻርፕ ሳትሸፍን ከቤት ወጥታ አታውቅም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ግን ፊቷ በርቶ ከሥራ ገባች። «ዲሬ ሥራ ቦታ መጥታ ቀረጸችኝ እኮ! ስለ ሠራተኛ እናቶች ነው አለችኝ። ‹እትዬ፣ ሻርፑን ያውልቁት፤ እንዲህ ነው የሚያምሩት› ብላኝ አወለቅሁት!»

ሳውንድ ያኔ ዓርብ ከክፍሉ ፊልም ጋር የሚታይ ሌላ አጭር ፊልም መስሏት ዲሬን አቅፋ ልትስማት ምንም አልቀራትም ነበር።

ፍላሹን ነቅላ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሄደች። ዲሬ አዳራሹ ውስጥ የካርቶን ፎቆች ቀለም ትቀባለች። ጀግናው ካባውን ትከሻው ላይ ጥሎ ብስኩት ይበላል።

«እናቴን ጭራቅ አደረግሻት?»

ዲሬ ብሩሹን አስቀመጠች። «ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

«እኔ የለሁበትም» አለ ጀግናው፤ ብስኩቱን ይዞ ከመድረኩ ወረደ።

«ጥቁርና ነጭ ነው፤ እንፋሎቱም ሸፍኗቸዋል። ማን ያውቃቸዋል?» አለች ዲሬ። «ደግሞ ጭራቋ ክፉ አይደለችም። መጨረሻ ላይ ጀግናው ያዝንላታል—»

«ጭራቅ ሆነሽ ነው የምትሠሪው ብለሽ ነግረሻታል?»

ዲሬ ብሩሹን መልሳ አነሳች።

«ነግረሻታል ወይ ነው የምልሽ!»

«ብነግራቸው እሺ ይሉ ነበር?»

የሳውንድ ደም ፈላ። ፊት ለፊቷ ያለውን የካርቶን ፎቅ በእርግጫ አለችው፤ ከነመስኮቶቹ ተደፋ። «ቤታችን ስትመጪ ከእኔ በፊት ላንቺ ነው የምታቀርበው! ዩኒፎርምሽን ሳይቀር ትተኩስልሻለች! አንቺ ደግሞ ያሞገስሽ መስለሽ ሻርፏን አስወለቅሻት! ለምን? ጭምብል እንዳትገዢ?»

የዲሬ ዓይን እንባ አቀረረ። «ቆርጬ አወጣዋለሁ። አሁኑኑ።»

ቆርጣም አወጣችው። ኮምፒውተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠሩ። ዲሬ ከፍላሹም አጠፋችው። ሳውንድ ግን ቀደም ብላ አንድ ቅጂ ወደ ስልኳ አሳልፋ ነበር፤ ለምን እንዳስቀረችው ራሷም አታውቅም።

«ለእትዬ ‹ሰዓት ስላነሰ ተቆረጠ› እንበላቸው» አለች ዲሬ ቦርሳዋን እያነሳች። «ለእሳቸውም ይሻላቸዋል። እውነቱን ቢያውቁ ይጎዳሉ። እኛም እንደ ድሯችን እንሁን… እባክሽ።»

ሳውንድ ጥላት ወጣች። መንገዱን ሙሉ ድንጋይ እየጠለዘች ሄደች። ከሁሉም በላይ ያናደዳት ዲሬ ያለችው እውነት መሆኑ ነው። እናቷ ትጎዳለች።

ቤት ስትገባ ጀምበር ገና አልጠለቀችም። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስትተኩስ የዋለችው እናቷ አሁን የራሷን ቀሚስ ትተኩሳለች።

«መጣሽ የኔ እናት? ለዓርብ ይሄኛው ይሻላል ወይስ ሰማያዊው? ፈቃድ ወስጃለሁ። አለቃችን ሳይቀር ‹ዝነኛ ሆንሽ አሉ› ብሎ ሲቀልድብኝ ዋለ።» ካውያውን አንስታ ቆም አለች። «ሳስበው ነበር… ያለ ሻርፕ ብመጣስ? ለካሜራ አውልቄ ለሰው ብሸፍን ምን ዋጋ አለው?»

ሳውንድ ቦርሳዋን አወለቀች። ዲሬን እዚያው ብታገኛት ፀጉሯን ትነጭላት ነበር። ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ አጭር ነው፣ ማንንም አያስለቅስም። እናቷ ትንሽ ቅር ይላታል፣ ከዚያ ትረሳዋለች።

«እማ… ስለ ፊልሙ፣ ሰዓት…»

«ሰዓቱ ተለወጠ እንዴ?»

እውነቱን ብነግራት እኮ ዓርብ አትመጣም ስትል አሰበች። አስባ ሳትጨርስ የዲሬ ቃል ጆሮዋ ላይ ደወለ፤ «ብነግራቸው እሺ ይሉ ነበር?»

«እማ፣ ካውያውን አጥፊውና ተቀመጪ።»

«ምነው? ፈተና ወደቅሽ?»

«አይደለም። ዲሬ ዋሽታሻለች። ስለ ሠራተኛ እናቶች አይደለም። የጭራቅ ፊልም ነው። ጭራቅ ያደረገችው አንቺን ነው። እኔም ያወቅሁት ዛሬ ነው። ከፊልሙ አስወጥቼዋለሁ፤ ግን ሳትሰሚ እንዲቀር አልፈለግሁም።»

እናቷ ካውያውን አጠፋች። ቀሚሱን ቀስ ብላ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። እጇ ወደ ጉንጯ ሄደ፤ ሳይነካው መለሰችው።

«ምስሉ አለሽ?»

«አዎ፤ ስልኬ ላይ።»

«አሳዪኝ።»

«እማ፣ ባታዪው—»

«የኔ ፊት ነው» አለች እናቷ። ሳውንድ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ ሰምታ አታውቅም። «አሳዪኝ አልኩ።»

ሳውንድ ስልኩን አወጣችና እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ክፍሏ አልሄደችም። ወንበር ስባ ትከሻ ለትከሻ አጠገቧ ተቀመጠች።