ነፋስ የሚበላው ጨርቅ

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት እንደሆነ ምድጃዬ እርጥብ እንጨት ይብላ፣ የቅቤ ሻዬ ዕድሜ ልኩን ይጎምዝዝ፣ ጢሜ ረግፎ ጎረቤት ይሳቅብኝ። በዚህ ሸንተረር ላይ ካሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ሁሉ ትልቁ የእኔ የጌልዜን ነው። አንድ ጊዜማ ንጉሥ ሊያድር መጥቶ ቦታ አጥቶ ተመልሷል። እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው፤ የዛሬው የእህቴ ልጅ የያንጂ ነው።

ያንጂ ጥግ ላይ ሆና ኩባያ ታጥባለች፤ ጆሮዋ ግን እሳቱ ዳር ነው። እዚያ የተቀመጠው ጋሽ ሙኩንዳ፣ ለበዓል ዕረፍት ከኮልካታ ከተማ ከነባለቤቱ የመጣ፣ ቅንድቡን የሚሸፍን የሱፍ ኮፍያ እንቅልፍ ላይም የማያወልቅ እንግዳ ነው።

«ጌልዜን» አለኝ፣ «ከላይ ካለው አለት ላይ የካንቼንጁንጋ ተራራ ይታያል የሚሉት እውነት ነው?»

«ይታያል ወይ? ጋሼ፣ እጅዎን ቢዘረጉ በረዶውን ዘግነው ሻይዎ ውስጥ ይጨምራሉ! እኔ በየጠዋቱ ቁርስ ሳልቀምስ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«እንግዲያው ነገ ይዘኸን ትወጣለህ።»

ጉልበቴን ማሻሸት ጀመርኩ። ያንጂ ወሬ ሳቋርጥ አይታኝ ስለማታውቅ ኩባያው ከእጇ ሊያመልጣት ነበር።

«ፔርሙሱን እኔ እይዛለሁ!» አለች ቶሎ ብላ።

«አንቺ ደግሞ! ነብር አለ አላልኩሽም?»

«በየጠዋቱ ስትሄድ ታዲያ አንተን ለምን አልበላህም?»

«ሞክሮኝ ጥርሱ ተሰበረ!»

ጋሽ ሙኩንዳ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «በቃ፣ ልጅቷም ትመጣለች» አለ።

ያንጂ ፔርሙስ መሸከም አምሯት አይደለም። እናቷ ፉቲ፣ የእኔ ታናሽ እህት፣ ለሥራ ወደ ኩዌት የሄደች ዕለት አለቱ ጫፍ ላይ ባለ አምስት ቀለም የጸሎት ጨርቅ ሰቅላ ነበር። እኛ ዘንድ ያ ጨርቅ አይታጠብም፣ አይጣፍም፣ ሰው አያወርደውም። ነፋሱ ነው ክር በክር እየበላ ጸሎቱን የሚያደርሰው። ፉቲ ያን ለት የልጇን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ነፋሱ ሳይጨርሰው እመጣለሁ» አለቻት።

ያንጂ ከዚያ ወዲህ ቆላ ባለው ከተማ አዳሪ ሆና ነው የምትማረው። እዚህ የምትመጣው ለዳሻይን በዓል ነው፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ይጠራል፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ እሷ ከኩባያ ጋር ትውላለች። ሌሎች ከሩቅ አገር መጥተው የሚያዩትን አለት፣ እሷ ከመስኮት ብቻ ነበር የምታየው። ጨርቁንማ በእኔ አፍ።

«አጎቴ፣ አለ?» ትለኛለች።

«ምን ሆኖ! ትናንት የሰቀሉት ነው የሚመስለው። ቀዩማ ዓይን ያቃጥላል!»

ፉቲም በየዓርቡ ስትደውል መጀመሪያ የማነሳው እኔ ነኝ። «ጨርቁስ?» ትለኛለች፤ ያንኑ ቀይ እነግራታለሁ። እሷም፣ «እንግዲያው ገና ነው፤ ውሌን አንድ ጊዜ ላድስና ልምጣ» ትላለች። ያንጂ ይህን ስትሰማ ትደሰት ወይ ትከፋ ጠፍቷት ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን የእናቷን ሹራብ ታሸታለች። ሽታው አሁን የጭስ ብቻ ሆኗል።

በማግስቱ ወጣን። እንዴት ያለ አወጣጥ! ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ከተደረደሩበት ግንብ ጋ ስንደርስ ጋሽ ሙኩንዳ በቀኝ በኩል ሊያልፍ ሲል ያንጂ እጅጌውን ጎተተችው።

«ጋሼ፣ በግራ በኩል ይለፉ! ግንቡ በቀኝ እጅዎ ይሁን፤ አለዚያ ጸሎቱን ወደ ኋላ ነው የሚያነቡት!»

ከዚያ በላይ ያለው ነፋስ እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። አንድ ያክ፣ ያን ጠጉራም የተራራ በሬ፣ ከነደወሉ አንስቶ በራሳችን ላይ አሳለፈው። ነብሩም መጣ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እሱ አፍሮ ሄደ። የጋሽ ሙኩንዳን ባለቤት በአንድ ብብቴ፣ ጋሽ ሙኩንዳን በሌላው ይዤ ጫፉ ላይ ሳወጣቸው ደመናው እንደ መጋረጃ ተገለጠ፣ ካንቼንጁንጋም እንደ ጋለ ብረት ቀልቶ ቆመልን። ባልና ሚስቱ ፎቶ ሲያነሱ ያንጂ ለተራራው ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። ጨርቁ ከፊቷ ይውለበለባል፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ አምስቱም ሙሉ! በእነዚህ ዓይኖቼ አየሁት።

ጋሽ ሙኩንዳ ከሄደ በኋላ አዲስ ለመጡ እንግዶች በቁርስ ሰዓት ይህንኑ እየተረክሁ፣ ልክ እዚህ ላይ ደረስኩ። ያንጂ የእናቷን ሹራብ ለብሳ ሻይ ትቀዳ ነበር።

«አጎቴ» አለች ቀስ ብላ። «አንተ እኮ ከግንቡ አላለፍክም።»

«ምን?»

«ጉልበቴ ብለህ እዚያው ተቀመጥክ። ነብርም አልነበረም፣ ያክም አልበረረም። ጋሽ ሙኩንዳም ጭጋጉን ፎቶ አንስተው ነው የተመለሱት።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም አብሬ ልስቅ ዳድቶኝ ነበር።

«ይሁን፣ ነብሩ ይቅር» አልኳት። «ጨርቁ ግን? አንቺው ከላይ ሆነሽ፣ ‹አለ! አምስቱም ቀለም አለ!› ብለሽ ጮኸሽልኛል። ሰምቻለሁ።»

«ከታች ሆነህ ‹አለ ወይ? አለ ወይ?› ስትለኝ ድምፅህ ተሰበረ። እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

እጅጌዋን ሰበሰበች። በእጅ አንጓዋ ላይ ቀለሙ የጠፋ፣ ከጸጉር የማይወፍር ክር ታስሯል።

«ድንጋዩ ሥር ወድቆ ያገኘሁት ይኼ ነው። ከላይ ገመዱ ብቻ ነው የቀረው፣ አጎቴ።»

ያንጂ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ፣ ከፊቴ ያለውን ስልክ አነሳችና በሹራቡ ኪስ ከተተችው።

«ዛሬ ዓርብ አይደል?» አለች። «እኔ ነኝ የማነሳው።»