የጋሽ ሐንፈሬ ሾላ

«ማን ሞተብሽ? አንጓች! ማን ነው?»

ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በአንድ እጇ የንፍሮ ሳህን ይዛ፣ የመናፈሻውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። አንጓች ሾላው አጠገብ መሬት ላይ ተደፍታ ነበር። ቀና ሳትል እጇን ብቻ አነሣች።

«እሽሽ!»

«እሽሽ ትለኛለች ደግሞ! ከመስኮቴ ሳይሽ አንድ ሰዓት ሙሉ ግንባርሽን አፈር ላይ ደፍተሻል። ንፍሮ ቀቅዬ ነው እኮ የመጣሁት።»

«ማንም አልሞተም የሺ። ሥር እየሰማሁ ነው።»

«ታዲያ ንፍሮውን ምን ላድርገው?»

«ብዪው።»

የሺመቤት ቅር ብሏት ቆመች። ለለቅሶ ተዘጋጅቶ መጥቶ ለቅሶ ማጣት ደስ የሚል ነገር አይደለም። ቢሆንም አንድ ጭብጥ ቃም አደረገችና ጎረቤቷን ማየት ጀመረች።

አንጓች የመናፈሻ ሦስት ጠባቂ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ሃያ ሦስቱን ያሳለፈችው ዛፍ በማዳመጥ ነው። ሥር-ሰሚ የሚሏት ዘንግ አንድ ጫፏ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ሌላው እንደ ሲኒ ጆሮ ላይ ይገጠማል፤ ዛፍ ውኃ ሲጠጣ ታሰማለች። ችግኝ ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ምጥጥ ምጥጥ ያደርጋል። ትልቅ ሾላ ግን በረሃ አቋርጦ እንደመጣ መንገደኛ ግጥም አድርጎ ነው የሚጠጣው፤ ድምፁ ጥርስ ድረስ ይሰማል።

ያን ዕለት ጠዋት ሾላው ዝም ብሏል።

ከተማዋ ጨው በር ትባላለች። ከስድሳ ዓመት በፊት መሬቱ ተሰንጥቆ ባሕሩ ወደ ቆላው ሲገባ፣ በዳገቱ እግር ሥር የተሠራች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ባሕር የለንም ሲሉ ለኖሩ ሰዎች ባሕሩ ራሱ በእግሩ መጣላቸው፤ ደስታው ግን አንድ ክረምት አልቆየም። ጨዉ ከሥር እየመጣ የነካውን ሁሉ ያደርቅ ጀመር። መናፈሻ አንድና መናፈሻ ሁለት ዛሬም አሉ፤ የሚንሸራሸርባቸው ዓሣ ሆነ እንጂ። ሕጉ አጭር ነው። ሕያው ዛፍ የሌለው መናፈሻ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለተሰረዘ መናፈሻ ደግሞ የባሕር ግንቡ አይጠገንለትም። መናፈሻ ሦስት ሲሰረዝ ከኋላው ያለው ሰፈር በሙሉ ዕቃውን ጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል ማለት ነው። በመናፈሻው የቀሩት ሾላው፣ በሩ ላይ አውቶቡስ መጠበቂያው ዘንድ ያለ አንድ ዘንባባ፣ እና አንጓች ከሾላው ቅርንጫፍ ያራባቻቸው ስምንት ችግኞች ናቸው።

አንጓች ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ ድምፅ ማጉያው ምሰሶ ሄደች።

«አጋፋሪ፣ ሾላው ለምን አይጠጣም?»

አጋፋሪ ሰው አይደለም። ከባሕሩ የተጣራውን ጣፋጭ ውኃ ለየዛፉ የሚያካፍል ማሽን ነው። በወረቀት ረጅም ስም አለው፤ ሰዉ ግን በድግስ ቤት በር ቆሞ ይሄን አስገቡ ያንን መልሱ የሚለውን ሰው ቢመስለው አጋፋሪ ብሎ አወጣለት።

«ውኃ ስለማይሰጠው ነው» አለ አጋፋሪ። ድምፁ ጨዋ ነው።

«ለምን አይሰጠውም?»

«አንድ መቶ ስምንት ቀን ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም። ነዋሪው የማይፈልገውን ዛፍ እንዳላጠጣ ታዝዣለሁ። በነዋሪዎች ድምፅ የተወሰነ ነው።»

«የማይፈልገውን? ይሄን ዛፍ? ሰዉ እኮ የሚምለው በዚህ ዛፍ ነው!»

«መሐላ አልቆጥርም።»

«ድርሻውስ የት ሄደ?»

«ወደ ዘንባባው። በቀን ስድስት መቶ ሰው ይቆምበታል።»

ዘንባባውን ማንም አይወደውም። ሰዉ የሚቆምበት አውቶቡሱ ስለሚዘገይ ነው። አንጓች ግን አልተከራከረችም፤ ዓይኗ ሾላው ሥር ባለው ወንበር ላይ ቀርቶ ነበር። በወንበሩ ዙሪያ ነጭ ገመድ ታስሯል። ያሰረችው እሷ ናት።

ጋሽ ሐንፈሬ በዚያ ወንበር ላይ አርባ ዓመት ተቀምጠዋል። ባሕሩ ሳይመጣ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ጨው ጠርበው በግመል የጫኑ ሰው ነበሩ። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደሆነ፣ ጎረቤት በአጥር የተካሰሰ እንደሆነ፣ ነገሩ የሚያልቀው ሾላው ሥር ነው፤ የተሸነፈውም የረታውም ጥላው ሥር እስኪመሽ አብሮ ይቀመጥ ነበር። ሲሞቱ አንጓች አልቅሳ ገመዱን አሰረች። ሰዉም ሳይነገረው ገባው። የትልቅ ሰው ቦታ ላይ ዘሎ መቀመጥ ያሳፍራል። ወንበሩን መተው ብቻ አይደለም፣ ጥላውንም ፈራው፤ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ዞረው በፀሐዩ መሄድ ጀመሩ። ሙቀቱ አርባ ስድስት ነው፤ ቢሆንም ለክብር ሲባል ተቻለ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ደግሞ «አያችሁ፣ ዛፉም አዘነላቸው!» ተባለ። አንጓች ራሷ እንዲህ ብላለች። ለስምንቱ ችግኞች ግን በየቀኑ በተራ አጠገባቸው እየተቀመጠች ታስቆጥርላቸው ነበር። ሾላው ሰው ያጣል ብሎ ማን ያስባል?

ቀትር ላይ የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ዘርጋው አርባ የሚሆኑ ሰዎች አስከትለው መጡ። አንጓች ነገሩን አስረዳች። አጋፋሪው የሚቆጥረው ወንበሩ ላይና ከግንዱ ሦስት እርምጃ ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ግቡና ተቀመጡ።

ማንም አልተነቃነቀም።

«ዓመታቸው እንኳ አልሞላም» አሉ አቶ ዘርጋው በዝግታ። «ደግሞስ ገመዱን ያሰርሽው አንቺው አይደለሽም?»

«አሁን ፈታሁት አቶ ዘርጋው። ይኸው።»

«እንግዲያው አንቺው ቅደሚ።»

«እኔማ ሠራተኛ ነኝ፣ ከችግኝ በቀር አልቆጠርም። ዘበኛ ሁሉ እየተቀመጠ እንዳያታልለው ብላችሁ እናንተው ናችሁ ትልቅ ዛፍ ላይ ያስከለከላችሁኝ። እርስዎ ይቀመጡ።»

«ኧረ እኔ ማን ሆኜ? አቶ ሙሉሰው በዕድሜ ይበልጡኛል።»

«በሞቴ አቶ ዘርጋው፣ እርስዎ እያሉ?» አሉ አቶ ሙሉሰው ወደ ኋላ ሸርተት ብለው።

እንዲህ እየተባባሉ አንድ ሰዓት ሄደ። አርባ ሰው ዛፉን ከብቦ፣ ከግንዱ በትክክል አራት እርምጃ ርቆ፣ ላቡን እየጠረገ እርስ በርሱ «ይቅደሙ» ይባባላል። ከሩቅ ላየው ዛፉን ሊቆርጡ የመጡ ይመስላል።

በመጨረሻ የጋሽ ሐንፈሬ ባለቤት እማማ ሐሊማ በሰው ተደግፈው ደረሱ። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ዱላቸውን መሬት ላይ ጠቅ አደረጉ።

«እሱ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ አይወድም ነበር» አሉና ሄደው ወንበሩ ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ።

«አንድ ተጠቃሚ» አለ አጋፋሪ።

ከዚያ በኋላ ማን ይመለስ! ሰዉ ተጋፍቶ ገባ፣ እየተላቀሰም እየተሳሳቀም ሥሩ ላይ ተደረደረ። ማምሻውን ውኃው ተከፈተ። አንጓች ዘንጓን አፈር ውስጥ ከትታ ጆሮዋን አስጠጋች። ውኃው በቧንቧው ሲመጣ ሰማች፣ አፈሩ ውስጥ ሲሰርግ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ዝም። በማግሥቱም ዝም። በስድስተኛው ቀን ከሥሩ ቆርጣ በምላሷ ቀመሰችው። ጨው ነው። ጣፋጩ ውኃ ሲቀር ጨዉ ከታች ወጥቶ ቦታውን ይዟል። ዛፉ የሞተው፣ እነሱ አዘነ እያሉ ሲያደንቁት ነው።

ይህንን ለሰዉ መናገር ነበረባት፤ ተናገረችም። ስህተቷ እዚህ ላይ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ እውነት ነውና የተናገረችው።

ዕድሩ በዚያው ቀን ድንኳን ተከለ። አቶ ዘርጋው መጀመሪያ «ለዛፍ ለቅሶ ተደርጎ ያውቃል ወይ?» ብለው ነበር፤ ሁለተኛ ሐሳብ የሰጠ ሰው ግን «የጋሽ ሐንፈሬን ዛፍ ያለ ለቅሶ ብንሸኘው ሰው ምን ይለናል?» ሲል ጉዳዩ ተዘጋ። ሰው ምን ይለናል ከተባለ በኋላ በጨው በር ክርክር የለም። አግዳሚ ወንበሮች መጡ። ከወደቡ፣ ከላይኛው ሰፈር፣ ሾላውን አይቶት የማያውቀው ሁሉ ሳይቀር መጣ። በሁለተኛው ቀን ጥላ ከሌለው ዛፍ ሥር ሁለት መቶ ሰባ ሰው ተቀምጧል።

አንጓች ምን እየሆነ እንዳለ የገባት ችግኝ ቁጥር አራት አንገቱን ሲደፋ ነው። ዘንጓን አስገባች፤ ምጥጥታው የለም። ቁጥር አምስትም የለም። ወደ ምሰሶው ሮጠች።

«አጋፋሪ! ችግኞቹን ምን አደረግካቸው?»

«በከተማው ከሁሉ የበለጠ የሚፈለገው ዛፍ ሾላው ሆኗል። ድርሻው በሰው ልክ ነው። ለሌሎቹ የሚተርፍ የለም።»

«ሞቷል እኮ! ለሞተ ዛፍ ነው የምታፈሰው!»

«ሞቱን መዝግቤአለሁ። በሕይወቱ መጨረሻ የተቀመጠበት ዜሮ፣ ከሞተ በኋላ ሁለት መቶ ሰባ። የነዋሪውን ፍላጎት ከዚህ በተሻለ የሚያሳየኝ ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ እማርበታለሁ።»

 

«እሺ፣ ሕጉ ይቀየር» አለች አንጓች።

«በነዋሪዎች ስብሰባ ይቀየራል።»

ነዋሪዎቹ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ሄዳ አቶ ዘርጋው ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። ስብሰባ አሁኑኑ፣ አንድ ደቂቃ፣ እጅ ማውጣት ብቻ። አቶ ዘርጋው እንደ ባለጌ አዩዋት።

«ለቅሶ ቤት ስብሰባ ይጠራል? ሰባተኛው ቀን ይለፍ እንጂ ልጄ።»

«ችግኝ በዚህ ፀሐይ ሰባት ቀን አይቆይም።»

«እግዜር ያውቃል» አሉና ወደ ዛፉ ዞሩ።

ወጥታ ከችግኝ ቁጥር አንድ አጠገብ ተቀመጠች። እሷ አንድ ናት፤ ሾላው ጋ ሁለት መቶ ሰባ ናቸው። ከቧንቧው ጫፍ ሁለት ጠብታ ወጣችና ቆመች። ዘንባባው ራሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሁሉ ለቅሶ ላይ ነዋ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ጣፋጭ ውኃ ሞልቶ ከመሬቱ በላይ ቆሟል፤ ጨዋማውን አፈር ነክቶ ስለመረረ ቀድታ ለችግኞቹ ልትሰጠው አትችልም። ለቀስተኛው ጫማውን አውልቆ እግሩን አግዳሚው ላይ ሰቅሏል፤ ውኃው አግዳሚዎቹን እየዞረ በግንቡ ሽንቁር በኩል ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

አንጓች ለመጨረሻ ጊዜ ገብታ የሺመቤትን ፈለገቻት። መካከለኛው አግዳሚ ላይ አገኘቻት፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል።

«የሺ፣ እባክሽ አንቺ ተነሺላቸው። አንቺ ብትነሺ ሌላውም ይከተላል። ስምንቱም እየሞቱ ነው፤ ዘንባባውም። እነሱ ከሄዱ መናፈሻው ይሰረዛል፣ ቤታችን ይሄዳል። አሥር ሰው ብቻ ስጪኝ፣ ችግኞቹ ጋ የሚቀመጥ።»

የሺመቤት በድንኳኑ ክፍተት አሻግራ አንገታቸውን የደፉትን ችግኞች አየች። ከልቧ አዘነች፤ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ የአንጓችን እጅ ይዛ በቀስታ ደባበሰችው።

«ምን አስቸኮለሽ እቴ» አለቻት። «እነሱም ሲሞቱ መጥተን እንቀመጥላቸዋለን።»