ሕመም ዝም ሲል

በአትላስ ተራራ ላይ ባለች አንዲት መንደር እንጨት የሴት ሸክም ነው። በቅሎ እህል ገበያ ታደርሳለች እንጂ እንጨት አትጫንም፤ የጫነባት ባል «በቅሎዋን ሚስት አደረጋት» ተብሎ ይሳቅበታል።

ቱዳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ታች ከተማ ላለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ምድጃ እንጨት በጀርባዋ አወረደች። መጀመሪያ ወገቧን ይቆርጥማት ነበር። ቀጥሎ ሕመሙ ወደ ቀኝ እግሯ ወረደ። ዘንድሮ ጭራሽ ተዋት።

«እማማ፣ አሁንስ ምንም አይሰማኝም» አለቻት ለአማቷ ለራቅያ።

«ጀርባሽ ተገራ ማለት ነዋ! እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲሁ ሆንኩ። ገና አሁን ሴት ሆንሽ።»

ቱዳ ሸክሟ ላይ አምስት ፍልጥ ጨመረች። ደስም አላላትም፣ አልከፋትምም። እግሯ እንደ ሰው ዕቃ ከኋላዋ ይጎተት ጀመር።

አንድ ቀን ከከተማ ስትመለስ ጎረቤቷ ኢዛ ጮኸች።

«አንቺ! ጫማሽ ደም በደም ሆኗል። በግ አርደሽ መጣሽ እንዴ?»

ቱዳ ጫማዋን ስታወልቅ ውስጥ እግሯ ላይ ጣት የሚያህል እሾህ ተሰክቷል። ራቅያ ከቤት ወጥታ ነቀለችው። የቱዳ ፊት አልተለወጠም።

«አላመመሽም?»

«የኔ እግር መሆኑንም እንጃ።»

ራቅያ ከሻሿ ላይ መርፌዋን ነቅላ የራሷን እግር ወጋች። ደም ጠብ አለ። ሌላ ምንም።

«ሠላሳ ዓመት» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጠነከርኩ እያልኩ።»

በማግስቱ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቱዳን መርምራ እውነቱን ነገረቻት።

«ከወገብሽ የሚወርደው ነርቭ ተጨፍልቋል። ዛሬ ሸክም ካላቆምሽ እግርሽ ሽባ ሆኖ ይቀራል። ብታቆሚም ስሜቱ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም።»

ማታ ራቅያ ልጇን ባሱን ጠራችው።

«ነገ እንጨቱን በበቅሎዋ ጫን።»

«እማዬ፣ ሰው ይስቅብኛል!»

«ይሳቅ። ሚስትህ በዳዴ ስትሄድ ግን ማንም አይስቅም።»

ባሱ በቅሎዋን ጭኖ ወረደ። መንገድ ዳር የተቀመጡት ወንዶች «ሙሽራው መጣ!» እያሉ አፏጩበት። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ቱዳ ከደጃፍ ሆና አየችው። ልትደሰት ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ሕመም ሲጠፋ ሁሉ ጤና አይደለም። ሚስቱ፣ ምራቱ ወይም እናቱ «አመመኝ» ማለት ያቆመችበት ሰው «በረታች» ብሎ አይለፍ፤ ይጠይቃት፣ ሸክሟንም ያውርድላት።

ራቅያ ይህን ዘግይታ ተማረች። አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ጫካ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ የሚያልፉትን ሴቶች «ወገብሽን ያምሻል?» እያለች ትጠይቃለች። «አሞኝ ነበር፤ ተወኝ» ያለችውን ክንዷን ይዛ ወደ ቤቷ ትመልሳታለች።