ፈዛዛው አረንጓዴ መስመር

ኮርማክ የሞተው በጠራራ ቀን፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ ብሩሹን በእጁ እንደያዘ ነው። ለንደን፣ ሆሎዌይ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የሞዴል ባቡሮች ዐውደ ርእይ የሚታይበት ቅዳሜ ነበር። ሽማግሌው ይቀባት በነበረችው ክንድ የማትሞላ ፉርጎ ላይ ሲደፋ፣ ከፊቱ ቆመው የሚያዩት ሰዎች ጎንበስ ብሎ ሥራውን የሚመረምር መስሏቸው ዝም አሉ። መተንፈስ ማቆሙ የታወቀው ብሩሹ ከእጁ ሲወድቅ ነው።

ጓደኛው መርዕድ ያን ጊዜ ከአዳራሹ ማዶ ባቡር ይነዳ ነበር። መርዕድ ዕድሜውን በሙሉ ከዊልስደን የሚነሳ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በስተርጅና መዳፍ በምታህል ባቡር መጫወት ጀመረ እያሉ ዘመዶቹ ያሾፉበታል። እሱ ግን ግድ የለውም፤ ያስለመደው ጎረቤቱ ኮርማክ ነው። የአየርላንድ ሐዲድ ከእንግሊዙ ሰፋ ስለሚል የሱቅ ሐዲድ ለአየርላንድ ባቡር አይሆንም። ስለዚህ ኮርማክ ካሪግሞር የተባለውን የገጠር ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ፣ ሐዲዱንም እንጨት በእንጨት እየደረደረ በእጁ ዘርግቶታል። የአየርላንድ ባቡር የሚሠሩት የክለቡ ሰዎች ለንደን ውስጥ ባቡሮቻቸውን የሚነዱበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ደረቱን ቢጫኑ፣ ቢታገሉ አልሆነም። አንደኛዋ አፉን አየችና «ይሄ የልብ ነገር አይመስለኝም» ብላ ፖሊስ ጠራች።

ኢንስፔክተሯ አጠር ያለች፣ ፀጉሯን ወደኋላ ያሰረች ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ አየሩን ሳበችና አፍንጫዋን ሸበሸበች። «ምንድን ነው የሚሸተው?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

መርዕድ አጠገቧ ነበር፤ ከድንጋጤው የተነሳ ቃሉ በእንግሊዝኛ አልመጣለትም። «አኳራጅ ነው» አላት።

ዞር ብላ አየችው። «አባቴም አኳራጅ ነበር የሚለው» አለች በአማርኛ። «ሮማንወርቅ ደምመላሽ እባላለሁ። ለምንድን ነው እዚህ የሚሸተው ጋሼ?»

«በዘይት ቀለም የቀቡበትን ብሩሽ ያጥቡበታል። ሰዎቹ ጠረጴዛ ይዘው ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ ሁሉም ይዞ ነው የሚመጣው።»

ያገሩን ቋንቋ ሲሰማ ምላሱ ተፈታ። መፈታቱ ነው ጣጣ ያመጣው።

«ከሟቹ አጠገብ ማን ማን ነበር?»

«ደርመት፣ የክለቡ ሊቀመንበር፤ ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው። የኮርማክ እኅት ኖራ ኩሽና ሻይ ትሸጣለች። ኤርምያስም ነበር፤ የእኅቴ ልጅ ነው። ከምርጫው ግርግር በኋላ ተሰዶ መጥቶ እኔ ቤት ነው የሚኖር። ኮርማክን የሚያስታምመው፣ የሚያበላ የሚያጠጣው እሱ ነው።»

«ዛሬስ ማን አበላው?»

«ሳንድዊቹን ኖራ ሠራችለት። ሻዩን ኤርምያስ በፔርሙስ ይዞለት መጣ።»

«ፔርሙሱ የት አለ?»

«ኩሽና ይሆናል። ሲያጥበው አይቼዋለሁ፤ ኮርማክ ከመውደቁ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። መርዕድ የተናገረው ነገር ምን እንደሚመስል የገባው ያን ጊዜ ነው። ይመልሰው ዘንድ ቃል አይመለስ።

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ጠብ እንኳን አይባልም። ካሪግሞርን ነቅሎ ወደ አየርላንድ ሊልከው ወስኖ ነበር፤ እውነተኛው ጣቢያ ወደነበረበት መንደር። ሁላችንንም ከፍቶናል። እኔስ ብሆን ባቡሮቼን የት እነዳቸዋለሁ?»

ኖራ ዐይኗ ቀልቶ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። «ነግሬው ነበር» አለቻት ኢንስፔክተሯን። «የማታውቀውን ሰው ቤትህ አታስገባ ብዬው ነበር። ወንድሜ ሰው አያምንም አይባልም፤ ሁሉንም ያምናል።»

ኤርምያስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። መርዕድ ባለበት ሮማንወርቅ በአማርኛ ጠየቀችው።

«ሻዩ መረረኝ አለ» አለ ኤርምያስ። «ወተቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ደፋሁትና ፔርሙሱን አጠብኩት።»

«አንተስ ከሻዩ ጠጥተሃል?»

«ጠጥቻለሁ። እኔን አልመረረኝም።»

«ስትጠጣ ያየህ ሰው አለ?»

ኤርምያስ አጎቱን አየ። መርዕድ አላየውም ነበርና ዐይኑን ሰበረ።

«ዛሬ ከሌላ ጊዜ የተለየ ነገር ነበር?»

«ቀለሙ። ቤት ሁልጊዜ በዘይት ቀለም ነው የሚቀባው። ዛሬ ግን አዳራሹ ከልክሏል ብሎ የውሃ ቀለም ነው የያዘው።»

ሮማንወርቅ ወደ ኮርማክ ጠረጴዛ ሄደች። ፉርጎዋ ጥቁር አረንጓዴ ናት፤ ከመስኮቶቹ ሥር ክር የመሰለ ፈዛዛ አረንጓዴ መስመር ተጀምሮ መሐል ላይ ቀርቷል። አጠገቧ ወረቀት ያልተለጠፈባት ትንሽ ጠርሙስ አለች። ኢንስፔክተሯ ጠርሙሷን አየች፤ ጎንበስ ብላም የሟቹን ከንፈር አየች።

«ይህን ፈዛዛ ቀለም የት ነው የሚገዙት?»

«አይገዛም» አላት መርዕድ። «የድሮ የአየርላንድ ባቡር ቀለም ነው። ጥቁሩ ይገኛል፤ ፈዛዛውን እያንዳንዱ ሰው በዓይኑ እየገመተ ይበጠብጠዋል። የእኔ ከኮርማክ አይገጥምም፣ የኮርማክም ከእኔ። በዚህ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው።»

ጠርሙሷን በፕላስቲክ አስገብታ ይዛ ሄደች።

በሳምንቱ ሐሙስ የደም ምርመራው ውጤት ደረሰ። ኮርማክ በኒኮቲን ነበር የተመረዘው፤ ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚሆነው፣ ሳይበረዝ ከዋጡት የሚገድለው ዓይነት። ደርመትም ኖራም ያንን ሲጋራ ያጨሳሉ፤ ኤርምያስም ካምደን ገበያ ገዝቶ ጀምሮት ነበር። የታጠበ ፔርሙስ ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያው ቀን ፖሊሶች መጥተው ኤርምያስን ወሰዱት።

ሮማንወርቅ መርዕድን ፖሊስ ጣቢያ አስጠርታ ቃሉን ተቀበለች። የቅዳሜውን ደገመላት። በመጨረሻም «ልጁን ያውቁታል» አለችው። «እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል?»

መርዕድ ቀኝ እጁን በግራው ያዘ። በአገሩ ሳለ ለመርማሪ እርግጠኛ ሆኖ የተናገረ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይቷል። ብሳሳትስ አለ በልቡ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አላት። «የሰው ሆድ አይታወቅም። አላውቅም።»

ጸሐፊዋ ጻፈችው።

ማታውን እኅቱ ፋንታዬ ከደሴ ደወለች። «ልጄ ስልኩን አያነሳም» አለችው። ሥራ በዝቶበት ነው ብሎ ዋሻት። ልጁ ዋስ የሚሆነው ሰው፣ ጠበቃ የሚከፍልለት ወገን፣ ከእሱ በቀር የለውም፤ እሱ ደግሞ ያደረገለት ነገር ቢኖር ያየውን መናገር ብቻ ነው። አርብን ሙሉ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ዋለ። ባቡሮቹን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸውና መልሶ ከተታቸው።

ቅዳሜ ሮማንወርቅ ሁሉንም እዚያው አዳራሽ ጠራቻቸው። ካሪግሞር በጨርቅ እንደተሸፈነ ጥግ ይዟል። ኖራ ከፊት ተቀመጠች፤ ደርመት ከጎኗ፣ ረዥም እግሮቹን አጣጥፎ። ኤርምያስ በሁለት ፖሊሶች መሐል መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። መርዕድ ሊስመው ተነሳና ፖሊሱ እጁን ሲዘረጋበት ተመልሶ ተቀመጠ።

«ከቀለሙ እንጀምር» አለች ሮማንወርቅ። «አቶ ደርመት፣ ዐውደ ርእዩን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት። የዘይት ቀለም ለምን ከለከሉ?»

«ለሕፃናቱ ብዬ ነው» አለ ደርመት። «ሽታው ጥሩ አይደለም።»

«ለማን ለማን ነገሩ?»

«ለሁሉም።»

«ጋሼ መርዕድ፣ ለእርስዎ ነግረውዎታል?»

መርዕድ ግራ ገባው። «የለም። እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።»

«ኖራስ?»

«አልሰማሁም» አለች ኖራ፣ ወደ ደርመት እየዞረች።

«ያን ቀን ስገባ አዳራሹ በአኳራጅ ይሸት ነበር» አለች ሮማንወርቅ። «ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞሬ አየሁ። የዘይት ቀለም ያልነበረበት የኮርማክ ጠረጴዛ ብቻ ነው። የእርስዎ የራስዎ ጠረጴዛ ላይ፣ አቶ ደርመት፣ የአኳራጁ ጣሳ ክፍት ነበር። ክልከላው የተነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው ማለት ነው።»

ደርመት እግሮቹን ዘረጋ። «እሺ፣ ለሌሎቹ መንገር ረስቼ ይሆናል። እና ምን? ሰውየው የሞተው በሻይ ነው።»

«በሻይ አይደለም። ፔርሙሱ ስለታጠበ ሁላችንም ዐይናችን እሱ ላይ ቀረ፤ እኔም ጭምር። ግን የኮርማክ ከንፈር ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ነበር። እስቲ ንገሩኝ፤ ቀጭን መስመር ስትቀቡ የብሩሹን ጫፍ እንዴት ነው የምታሾሉት?»

መርዕድ ሳያስበው ሁለት ጣቱን ወደ ከንፈሩ አነሳ። እንዳነሳውም ሁሉ ነገር ገባውና እጁ እዚያው ቀረ።

«በአፋችን» አለ ቀስ ብሎ። «የውሃ ቀለም ከሆነ በምላሳችን ነው የምናሾለው። ኮርማክማ መስመር ባሰመረ ቁጥር ነው። የዘይቱን ግን ማንም አፉ አያስገባም።»

«ልክ ነው። ኮርማክን በብሩሹ ለመግደል የፈለገ ሰው መጀመሪያ የዘይቱን ቀለም ማስጣል ነበረበት። ትናንት የጠርሙሷ ምርመራ መጣ፤ ቀለሟ በኒኮቲን የተበጠበጠ ነው። ሻዩ የመረረው አፉ አስቀድሞ ስለተመረዘ ነው። ኤርምያስ ሻዩን የደፋው ለሽማግሌው አዝኖ ነው።»

ኖራ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ጠርሙሷን ልጁም ሊያስቀምጣት ይችላል» አለ ደርመት። ድምፁ ግን ሰልሏል።

«ይችላል። ቀለሙን መበጥበጥ ግን አይችልም። ይህ ቀለም ሱቅ የለም፤ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ አላችሁ።» ሮማንወርቅ ከቦርሳዋ ሦስት ፉርጎዎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ይህ የኮርማክ የድሮው ነው፤ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ይህ የጋሼ መርዕድ ነው፤ ቢጫ ይበዛዋል። ይህ ደግሞ ከእርስዎ ቤት በፍርድ ቤት ፈቃድ ያመጣነው ነው። ከጠርሙሷ ጋር የሚገጥመው ይኸኛው ነው። ባለሙያዎቹም ቼክ አድርገውታል፤ አንዱ የዘይት፣ አንዱ የውሃ ቢሆንም የቀለሙ ቅይጥ አንድ ነው። በአዳራሹ ክልከላ አሳብበው ጠርሙሷን በስጦታ ሰጡት።»

ደርመት ሦስቱን መስመሮች ረዥም ጊዜ አያቸው።

«ሌላ አረንጓዴ ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አላገኝዎትም ነበር» አለችው።

«የተሳሳተ ቀለም በዚያች ፉርጎ ላይ?» አለ ደርመት፤ የተሰደበ ያህል ነበር የተሰማው። ከዚያ ትከሻው ወረደ። «ለመንኩት። ካሪግሞርን አትውሰድብን ብዬ ደጋግሜ ለመንኩት። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እነዚያን ባቡሮች ከመሥራት በቀር ምንም የለኝም፤ የሚሄዱበት ሐዲድ ደግሞ የእሱ ብቻ ነው። ሳጥን ውስጥ ሊቀሩ ነው አልኩት። ሌላ ሐዲድ ዘርጋ አለኝ። በዚህ እጄ?» የሚንቀጠቀጡ ጣቶቹን አሳያቸው።

ኖራ ስታለቅስ ድምፅ አላሰማችም። ደርመትን ይዘው ሲወጡ ከካሪግሞር ጎን ሲያልፍ የተገለጠውን ጨርቅ ጫፍ መለሰለት። መርዕድ ሊጠላው ሞከረ፤ ለጊዜው አልሆነለትም።

ፖሊሱ የኤርምያስን እጅ ፈታ። ሮማንወርቅ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ታላቅ እኅት ነበር የጠየቀችው። ኖራም መጥታ እጁን ያዘችውና ቆይታ ለቀቀችው።

አጎትና የእኅት ልጅ አብረው ወደ ሆሎዌይ መንገድ ወጡ። ዝናብ ያካፋል። መርዕድ ሳምንት ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የወረደለት መሰለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «ና ቤት እንሂድ። እናትህ ትደውላለች፣ ድምፅህን ትስማ። ምግብም አለ፤ ሠርቼ ነው የወጣሁት።»

ኤርምያስ ቆመ። «እኔ ካምደን ጓደኛዬ ጋር ነው የምሄደው ጋሼ። ዕቃዬን ሌላ ቀን እወስዳለሁ።»

«ለምን? ፔርሙሱን ስለተናገርኩ ነው? ያየሁትን ነው እኮ የተናገርኩት። መዋሸት ነበረብኝ?»

«ፔርሙሱን ማጠቤ እውነት ነው። በሱ አልቀየምም።» ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አክብሮቱ ያልተጓደለ ነበር። «ቃልዎን አንብበውልኛል። ያደርገዋል ወይ ብለው ሲጠይቁዎት አላውቅም አሉ። ሴትዮዋ አታውቀኝም፤ ግን ሳታውቀኝ ፈልጋ አወቀች። እርስዎ ግን አንድ ጣሪያ ሥር አብሬዎት ኖሬ አላውቅም አሉ።»

መርዕድ ስለ መርማሪዎች፣ ስለ ፍርሃት፣ አገር ቤት ስላየው ነገር ሊነግረው ፈለገ፤ ሁሉም ልጁ ራሱ የሚያውቀው ነገር ሆነበት። ልጁም ከዚያው ሸሽቶ ነው የመጣው።

«ደህና ይሁኑ ጋሼ» አለ ኤርምያስ። እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና የጃኬቱን ኮሌታ ቀና አድርጎ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

መርዕድ ጥቂት ተከተለውና ቆመ።