መስታወቱን ማን ነካው?

እኔ በመንፈስ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ እንዲያውም መቱ ውስጥ ከሚወራው የጋኔን ወሬ ግማሹ ከእኔ አፍ የወጣ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም፣ ስለዚህ «ይሄ ደግሞ ጀመረው» ብትሉ አልቀየምም፣ ይሄኛው ግን እውነት ነው።

ለትምህርት ቤታችን የቴሌስኮፕ መስታወት እየሠራን ነበር፣ እኔ፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ እና ጡረታ የወጡት አናጢ ጋሽ ደቻሳ። ሦስት ወር ስንፈትገው ከርመን (ከመስታወቱ ይልቅ የእኔ መዳፍ ነው የተወለወለው) የቀረን ስህተቱን መለካት ብቻ ነበር። ክፍሉን ታጨልሙና ትንሽ መብራት ታበሩበታላችሁ፣ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ማቆሚያ ላይ በተተከለ ምላጭ ጠርዝ ከልላችሁ ስታዩ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነች እብጠት ተራራ አክላ ትታያለች። ጣት ብታሳርፉበት እንኳ በሙቀቱ ያብጣል፣ እብጠቱም ሩብ ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል።

ያን ቀን ከሰዓት ዝናቡ ለዶሮ ዋና የሚያስተምር ነበር። የምንሠራበትን የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነን በምላጩ ሳይ፣ የመስታወቱ መሃል ላይ የሰው እጅ ቅርጽ አብጧል፣ ከነአምስት ጣቱ።

«ጋሽ ደቻሳ፣ ነኩት እንዴ?»

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ። ደግሞ ምን ልትቀልድብኝ ነው?»

እብጠቱ የመስታወቱ ከሆነ መፈተግ አለበት፣ የሙቀት ከሆነ ግን ፈትገነው ሲበርድ ጉድጓድ ይሆናል፣ የሦስት ወር ልፋታችንም ገደል ይገባል። ሁሉም ነገር እሳቸው ዋሹ አልዋሹም በሚለው ላይ ቆመ።

ቆልፈን ወጣን፣ በረንዳው ላይ እንደ ሌባና ፖሊስ እየተያየን ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ስንመለስ እጁ አልጠፋም፣ ወደ ጠርዙ ተዛውሯል።

«ቁልፉ አንተ ኪስ ነበር» አሉ።

«አጠገብዎ ነበርኩ እኮ።»

«እጅህን ስጠኝ። ሁለቱንም።»

ጥርቅም አድርገው ያዙኝና ተራ በተራ እናይ ጀመር፣ እመኑኝ፣ እጁ ቀስ ብሎ ሟሸሸ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ አውራ ጣት ብቅ አለ፣ ቀጥሎ አመልካች ጣት፣ ቀጥሎም መስታወቱ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ የሚያሰማውን ሲጥታ ሰማሁ።

«አቲ፣ ማል ጎቴ?» አሉኝ፣ ምን አደረግክ ማለታቸው ነው። እጆቼን ግን አልለቀቁም ነበር።

ሳንፈትገው ተውነው። ተማሪዎቹ ዛሬም ጨረቃን ያዩበታል፣ ጋሽ ደቻሳም ሁሩሙ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «እንዴት እንዳደረግከው ንገረኝና ልረፍ» ይሉኛል፣ እኔም እሳቸውን መጠርጠሬን አልተውኩም፣ ከተውኩ ማንን ልጠረጥር ነው? የቴሌስኮፑን ክዳን ስከፍት ሁልጊዜ መዳፌን ሳላስነካ ወደ መስታወቱ አስጠጋለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ይሞቃል።